ለፈጣን ጀልባዬ የትኛውን የማርሽ ቤት ልምረጥ?

የተከበራችሁ የጀልባ ሞተር ባለሙያዎች፦ እዚህ ቴክሳስ ሐይቅ ላይ የምነዳት ባለ 20 ጫማ ጀልባ ሜርኩሪ ባለ 2.5 ሊትር ቪ6 አውትቦርድ (ከጀልባው ኋላ በውጭ የሚታሰር ሞተር) የተገጠመላት ሲሆን፣ ፕሮፔለሩን የሚሸከመው የታችኛው የማርሽ ቤት አፍንጫው ደልደል ያለው፣ የማቀዝቀዣ ውሃውንም ከጎን የሚስበው መደበኛው ዓይነት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 80 ማይል ሲጠጋ መሪው ሳይታሰብ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ከአፍንጫው ኋላ በአንድ በኩል ቀለሙ ተልጦ አልሙኒየሙ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ስለተበሳሳ፣ ውሃው የማርሽ ቤቱን ገጽ እየለቀቀ የእንፋሎት አረፋ እንደሚፈጠር ተረድቻለሁ።

ሞተሩን ከፍ አድርጌ ልሰር ብል ደግሞ የጎን ቀዳዳዎቹ ከውሃ እየወጡ የውሃ ግፊት ጌጁ ይወርዳል። ስለዚህ አፍንጫው ሹል የሆነውንና ውሃውን ከአፍንጫው የሚስበውን ስፖርት ማስተር የተባለውን የሜርኩሪ የማርሽ ቤት ለመግዛት አስቤያለሁ። ያገለገሉ ሁለት አግኝቻለሁ፤ የአንዱ የማርሽ ምጣኔ (ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው ዙር) 1.62፣ የሌላው 1.87 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲዞር የፕሮፔለሩ ዘንግ በመጀመሪያው 4,320፣ በሁለተኛው 3,740 ገደማ ይዞራል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰው ስለምጭን፣ 1.62ቱ ከቆመበት ሲነሳ ሞተሩን ያስጨንቀዋል ብዬ እሰጋለሁ።

የትኛውን ምጣኔ ትመክሩኛላችሁ? ወይስ በነባሩ ላይ ሹል አፍንጫና የታች ውሃ መሳቢያ ማስበየዱ ይበቃል? ያገለገለውን ከመግዛቴ በፊትስ፣ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ከመፈለግ ሌላ ምን ልመርምር?