ሞተሯ ጠፍቶ ባትሪ የምትጨርስ መኪና

በ2004 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ 1.3 ሊትር የቤንዚን ሞተርና ባለ ማንዋል ማርሽ የቤት መኪና አለችኝ፤ ሁለት ቀን ያህል ሳትነዳ ከቆመች ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) «ጠቅ» ከማለት አያልፍም። ባትሪው 12 ቮልት፣ 45 አምፒር-አወር የሆነ አዲስ ሲሆን፣ ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ቮልት ስለሚነበብ ቻርጁ ደህና ይመስላል። በሮቹን ዘግቼ፣ ቁልፉን ነቅዬና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቄ ቴስተሩን በኔጋቲቩ ገመድና በባትሪው መካከል ሳስገባ 0.4 አምፒር ይፈሳል፤ ይህ ከ0.05 አምፒር ማለፍ አልነበረበትም። በብሎን ከታሰረው ዋናው በስተቀር ከዳሽቦርዱ ሥርና ከኮፈኖው ውስጥ ያሉትን ፊውዞች አንድ በአንድ ብነቅልም ንባቡ ንቅንቅ አላለም (ሬዲዮውንና በኋላ የተገጠመውን አላርም አስቀድሜ ጠርጥሬ ነበር፤ ሁለቱም ነጻ ወጥተዋል)። በመጨረሻ ባትሪውን ፈትቼ፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ወፍራም ገመድ አላቅቄና ጫፉን በፕላስተር ሸፍኜ ዳግመኛ ስለካ ፍሰቱ ወደ 0.03 ወረደ። ኤሌክትሪሺያኑ ግን በደንብ ቻርጅ የሚያደርግ ዲናሞ ዳዮዱ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርገው ክፍል) ሊበላሽ አይችልም በማለት የመላ መኪናዋን ሽቦ እንዲቀይር ይወተውተኛል፤ ከላይ ያለው ልኬት ይህን ስለማይደግፍ አልተስማማሁም። ዲናሞው ሳይወርድ፣ ጥፋቱ የዳዮዱ መሆኑን በቴስተር ብቻ ለማረጋገጥ ምን ዓይነት ልኬት፣ በየትኞቹ ነጥቦች መካከል ልውሰድ?