የወንድሜ ልጅ የደም ካንሰር ይዞታል፤ ለእርሱም ለቤተሰቡም ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ አክስት

ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተባለ የደም ካንሰር እንደያዘው ከታወቀ ወዲህ ኬሞቴራፒ (የካንሰር ሴሎችን የሚያጠፋ መድኃኒት) እየወሰደ ነው። ሐኪሞቹ ይህ በልጆች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው መሆኑን፣ በሕክምና የመዳን ዕድሉም ከፍተኛ መሆኑን፣ ይሁን እንጂ ሕክምናው በድምሩ ከ2 እስከ 3 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል አስረድተውናል። ወላጆቹ ለልጁ የነገሩት «ደምህ ስለደከመ ነው» ብለው ብቻ ሲሆን፣ የበሽታው ስም በቤት ውስጥ እንዳይነሣ ዘመዱን ሁሉ አስጠንቅቀዋል። ልጁ ግን ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር ጨዋታውን ትቶ ማዳመጥ ይጀምራል። ባለፈው ሳምንት ብቻችንን ስንሆን «አክስቴ፣ የታመምኩት እማዬን ስላስቸገርኳት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «በፍጹም አይደለም» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረኝም።

ታላቅ እህቱ 14 ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ሆስፒታል በሚያድሩበት ጊዜ እኔ ዘንድ ትሆናለች፤ አታጉረመርምም፣ ምንም አትጠይቅም፣ የትምህርት ውጤቷ ግን እያሽቆለቆለ ነው። ለልጁ እውነቱ ይነገረው ወይስ የወላጆቹን ፈቃድ ማክበር ይሻላል? ለቤተሰቡስ በእርግጥ የሚጠቅመው እገዛ ምን ዓይነት ነው? በሥራም ሆነ በኑሮ የምታውቁት ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ነርስ

ልጁ የጠየቀዎት ነገር ለመጀመሪያው ጥያቄዎ በቂ መልስ ይመስለኛል። ልጆች ያልተነገራቸውን በራሳቸው ግምት ይሞሉታል፣ ግምታቸውም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው፤ በተለይ ትንንሾቹ ክፉ ነገር የሚደርሰው እነርሱ ስላጠፉ ወይም ስለተቆጡ ይመስላቸዋል። ደግሞም በአንድ ክፍል ፀጉራቸው ከረገፈ ልጆች ጋር ተኝቶ፣ አጠገቡ ያለው ታካሚ የበሽታውን ስም እንደ ዋዛ ሲጠራው እየሰማ፣ ምስጢሩ ምስጢር ሆኖ ሊቆይ አይችልም። ልጁ ከዝምታው የሚማረው ቢኖር ስለዚህ ጉዳይ ከእናትና ከአባቱ ጋር ማውራት ክልክል መሆኑን ነው።

እውነቱን መንገር ሲባል ሁሉንም በአንድ ቀን መዘርገፍ ማለት እንዳልሆነ ወላጆቹ ቢረዱት ፍርሃታቸው ይቀንስ ይሆናል። እኛ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው «ስለ ሕመምህ እስካሁን ምን ሰማህ?» ብለን በመጠየቅ ነው። ለዚህ ዕድሜ የሚበቃው ማብራሪያ አጭር ነው፦ ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ያለ ልክ እየተባዙ ጤናማዎቹን ቦታ አሳጥተዋቸዋል፤ መድኃኒቱ እነርሱን ለማጥፋት ነው፤ የበሽታው ስም ሉኪሚያ ሲሆን አንዱ የካንሰር ዓይነት ነው። ማንም ሰው በጥፋቱ እንዳላመጣው፣ ከማንም እንዳልተጋባበትና ወደ እህቱም እንደማይጋባ ግን ልጁ እስኪጠይቅ ሳይጠበቅ ሊነገረው ይገባል። የሚያም ነገር ሲኖርም «አያምም» አይባልም። «ለጥቂት ጊዜ ያምሃል፣ እኔ እጅህን እይዛለሁ፣ አንተ ቁጠር» የተባለ ልጅ አልቅሶም ቢሆን ለሚቀጥለው መርፌ ያምነናል፤ የተታለለው ግን ክንዱን ለማንም አይዘረጋም።

ልጁ ከእርስዎ ጋር ብቻውን የሚውል ከሆነ ስለ ትኩሳት ማወቅ ግድ ነው። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ሆስፒታሉ ለወላጆቹ የሰጣቸውን የሙቀት ልክ ይጠይቁ፤ በብዙ ቦታ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ ካለፈ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅም። ትኩሳቱን ስለሚደብቀው ሙቀቱ ሳይለካና ሆስፒታሉ ሳይጠየቅ ፓራሲታሞል አይሰጥም፤ ቴርሞሜትርም በፊንጢጣ አይገባም።

መልስ፦ ሕክምናዋን የጨረሰች ልጅ እናት

ነርሷ ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን እህቴ፣ ከወላጆቹ ጀርባ ሄደሽ ለልጁ እንዳትነግሪው አደራ። ልጁ ከሁለት ወገን ሁለት ነገር ከሰማ ማንን እንደሚያምን ይቸግረዋል፣ ወንድምሽም ባንቺ ላይ እምነት ያጣል። ልጁ የጠየቀሽን ጥያቄ ቃል በቃል ለወንድምሽ ንገሪው፤ ከማንኛውም ምክር ይልቅ እርሱ ይሠራል። ወላጅ የሚደብቀው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ሲጠራ እንባው እንዳይቀድመው ፈርቶ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ባሉበት እንዲነገረው ሐሳብ ብታቀርቢ ሸክሙ ይቀልላቸዋል።

ስለ እገዛው የጠየቅሽው ብዙ ያናግረኛል። «የሚያስፈልግሽ ካለ ንገሪኝ» ያላለኝ ሰው አልነበረም፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን የሚያስፈልገውን አስቦ መናገሩ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። የጠቀሙኝ ሳይጠይቁ አንድ ነገር ለይተው የያዙት ናቸው። የባለቤቴ እህት የቆሸሸውን ልብስ በየጊዜው ወስዳ አጥባ ትመልስ ነበር። አንድ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ስልኩን ተረከበን፦ ስለ ልጅቷ ሁኔታ መጠየቅ የፈለገ ዘመድ ሁሉ ወደ እርሱ ይደውላል፣ እኔም አንዱን ወሬ ለሃያ ሰው ከመድገም ዳንኩ። ከሐኪም ጋር በምንነጋገርበት ጊዜ አብሮን ገብቶ የሚጽፍልንም ነበረን፤ የተደናገጠ ወላጅ ከሚነገረው ግማሹን አይሰማም። በዚያ ደብተር የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የደም ምርመራው ቁጥር፣ ቀጣዩ ቀጠሮ፣ ልጅቷ ያስታወከችበት ሰዓት ሳይቀር ሰፍሮ ስለነበር ተረኛ ሐኪም በተቀየረ ቁጥር ከእርሱ እናነብ ነበር።

የሚከብዱ ጠያቂዎችም አሉ። ጉንፋን ይዞት የሚመጣ፣ አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚያለቅስ፣ ሐኪም ያላየውን መድኃኒት በጓዳ የሚያቀብል። ይህ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስልሽ፤ አንዳንዶቹ ከኬሞቴራፒው ጋር ስለሚጋጩ ሐኪሙ ሳያውቅ ምንም መሰጠት የለበትም። ጉድፍ ወይም ኩፍኝ ከያዘው ሰው ጋር ልጁ ከተገናኘም ሽፍታ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ያኔውኑ ለሆስፒታሉ ንገሩ። የሕክምናው ክፍል የሆነውን ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት በሚወስድበት ሰሞን ያለ ምክንያት ቢቆጣና ምግብ አልበቃኝ ቢል መድኃኒቱ ነውና ባለጌ ሆነ አትበሉት።

ከሁሉም የከፋው ወቅት ለእኔ ሁለተኛው ዓመት ነበር። ፀጉሯ ተመለሰ፣ ትምህርት ቤት ገባች፣ ጠያቂውም ዳነች ብሎ ቀረ፤ በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒንና ምርመራው ግን አላቆመም፣ የመጓጓዣውና ከሥራ የመቅረቱ ወጪም እንደዚያው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚጠጉ ልጆችና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ፤ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው በብዙዎቹ ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ለልዩነቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሕክምናን ጀምሮ ማቋረጥ ነው። ስለዚህ ዘመዶች ተሰብስባችሁ የምታዋጡት ገንዘብ ካለ በመጀመሪያው ወር ሁሉንም አትስጡ፤ ከፋፍላችሁ እስከ መጨረሻው ድረስ አዳርሱት።

መልስ፦ በ15 ዓመቱ የታመመ

እኔ ሆጅኪን ሊምፎማ የተባለ የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር ነበረብኝ። የወጣት ጭንቀት ከሕፃን ይለያል። ሐኪሙ ፊቴን ሳያይ ከአባቴ ጋር ስለ እኔ ሲነጋገር ከመርፌው በላይ ያመኝ ነበር። መካንነት ሊያስከትሉ የሚችሉ ሕክምናዎች መኖራቸውንና ይህን ለመከላከል የሚሞከር ነገር ካለ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መሆን እንዳለበት ያወቅሁት ከጊዜው በኋላ ነው፤ ወላጆቼ አፍረው ዝም አሉ፣ ሐኪሙም አላነሣውም። የጠያቂዋ የወንድም ልጅ ገና 9 ዓመቱ ቢሆንም ወላጆቹ ከአሁኑ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ኪኒን መዋጥን በተመለከተም፣ በእንደ እርሱ ዓይነት ሉኪሚያ ላይ የተደረገ ጥናት መርካፕቶፑሪን የተባለውን የዕለት ኪኒን ከታዘዘው ከ95 በመቶ በታች በሚወስዱ ልጆች ላይ በሽታው የመመለስ አደጋው እንደሚጨምር አሳይቷል። እያደገ ሲሄድ «ራሱ ይውሰድ» ተብሎ ብቻውን መተው የለበትም፤ ቁጣም አይጠቅምም፣ በተመሳሳይ ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ ሰው ይበቃል።

መልስ፦ ታናሽ ወንድሟ ታሞባት የነበረች

ስለ ልጁ ታላቅ እህት ብቻ ልናገር። ዝም ያለችው ስላልከበዳት አይደለም፤ ወላጆቿ ላይ ሌላ ጭንቀት ላለመጨመር ነው። እኔ በወንድሜ እቀና ነበር፣ በመቅናቴም እራሴን እጠላ ነበር፤ እንዲህ መሰማት ያለ መሆኑን የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። አንቺ ንገሪያት። ሆስፒታልም ውሰጃት፤ ያላየችው ክፍል ካየችው የባሰ ያስፈራታል። ለክፍል ኃላፊ መምህሯ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ይነገረው። ሰዎች ሲያገኟት ሁልጊዜ «ወንድምሽ እንዴት ነው?» ይሏታልና አንቺ መጀመሪያ ስለ እርሷ ጠይቂያት።

ምላሽ፦ አክስት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለወንድሜ የልጁን ጥያቄ ነገርኩት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ሐኪሙ ባለበት እንዲነገረው ተስማምቷል። እናቱ ግን አንድ ነገር ፈርታለች፦ ስሙን ከሰማ በኋላ «እሞታለሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይባላል?

መልስ፦ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ነርስ

ይጠይቃል ብላችሁ ተዘጋጁ። «እንዲህ አይባልም!» ብሎ ማስቆም ጥያቄውን ከአፉ እንጂ ከልቡ አያወጣውም። በመጀመሪያ «ምን አስበህ ጠየቅኸኝ?» በሉት፤ አንዳንዴ የጥያቄው መነሻ አጠገቡ የነበረ ልጅ አልጋው ባዶ ሆኖ ማየቱ፣ አንዳንዴም አንድ አዋቂ በስልክ የተናገረውን መስማቱ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ያለውን እውነት ብቻ ተናገሩ፦ ይህ ከባድ በሽታ ነው፣ በዚህ በሽታ የሞቱ ልጆች አሉ፣ ብዙዎች ግን በሕክምና ይድናሉ፣ ሐኪሞቹ አንተን ለማዳን መድኃኒቱን እየሰጡህ ነው፣ የሚለወጥ ነገር ካለ እንነግርሃለን፣ ብቻህንም አንተውህም። «በፍጹም አትሞትም» የሚል ቃል ግን አትግቡለት። እናቱ ስትናገር ብታለቅስ ችግር የለውም፤ የምታለቅሰው ስለምትወደው መሆኑን ትንገረው። ከውይይቱ በፊት ማን የትኛውን እንደሚናገር ከሐኪሙ ጋር ተስማሙ፤ በዚያ ቀንም የአከርካሪ ምርመራም ሆነ ሌላ የሚያም ነገር እንዳይያዝለት ጠይቁ።