ቪትዜ ስቆም ሚኒሞ አልይዝ አለች፤ ትሮትል ቦዲው ይጠብ ወይስ ይቀየር?

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ አሮጌዋ፣ የነዳጅ መርገጫዋ በካቦ (በሽቦ ገመድ) የሚሠራ። ሰሞኑን ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር፣ አልይዝ ብላለች። ቆማ እያለች የሞተሩ ዙር (አርፒኤሙ) ወደ 500 ይወርዳል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዘሎ 1200 ይገባል። የሚብሰው ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ስቆም ነው። ቁልቁለቱን እግሬን ከነዳጅ አንስቼ ነው የምጨርሰው፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ ሞተሩ ይጠፋል።

ካንዴላ ቀይሬያለሁ። አንዱ ጋራዥ ትሮትል ቦዲው፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየር አለኝ። ሌላው የትሮትሉን ክዳን የምትደግፈውን ቪቴ (ብሎን) ትንሽ ላጥብቃትና ሚኒሞው ከፍ ይላል አለ። ጓደኛዬ ደግሞ የደሴ አየር ስስ ስለሆነ ነው ይላል። ዕቃው ውድ ስለሆነ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ። ራሴ ማጠብስ እችላለሁ?

መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ እንዳትገዛ። መጀመሪያ ይታጠብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ትሮትሉ ውስጥ ያለችው ክብ ክዳን ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሚተነፍሰው በክዳኗ ዳር ባለችው ስስ ክፍተትና በጎን በኩል ባለው የሚኒሞ ቫልቭ ብቻ ነው። ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት ትነት ከአቧራ ጋር እየተጋገረ ሁለቱንም ይደፍናቸዋል። አቧራማ መንገድ የምትመላለስ ከሆነ ደግሞ የአየር ፊልትሮው ቶሎ ይሞላል። ኮምፒዩተሩ እስከተወሰነ ድረስ ያካክሳል፣ ከዚያ በላይ ግን አይችልም። ቁልቁለት ጨርሰህ ስትቆም ዙሩ በድንገት ሲወርድ ደግፎ የሚይዘው አየር ያጣል፣ ይጠፋል።

አጠባቡ፦ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ከፊልትሮው የሚመጣውን ወፍራም ጎማ ፈትተህ ክዳኗን በጣትህ ክፈታት፤ ያንተ በካቦ ስለሆነ ችግር የለውም። ከጀርባዋ ጠርዙ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሮ ታገኘዋለህ። ለትሮትል ተብሎ የተሠራውን ስፕሬይ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ነፍተህ ጠርዙንና የምትቀመጥበትን ቦታ ጥረግ። በካቻቢቴ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቀው፤ ከተጫረ ክፍተቱ ተበላሸ ማለት ነው። በቤንዚን የሚያጥቡም አሉ። እሳት ያስነሳል፣ ተዉ። የሚኒሞ ቫልቩንም አትርሳ፤ አሮጌ ቪትዝ ላይ ብዙ ጊዜ ዋናው ጥፋተኛ እሱ ነው።

ቪቴዋን ግን ማንም እንዳይነካት! ፋብሪካ ለክቶ የዘጋት ናት። እሷን ማጥበቅ ቆሻሻውን እዚያው ትቶ ክዳኗን በግድ ከፍቶ ማቆም ነው፣ ኮምፒዩተሩንም ያሳስተዋል። በዚህ የተነሳ ስንት መኪና ሲንገላታ እያየሁ ያናድደኛል።

የአየሩ ነገር ደግሞ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በካርቡራተር በሚሠሩት በድሮዎቹ ዲኤክሶች ቢሆን ልዩነቱ ይሰማ ነበር። ያንተን ግን ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ከአየሩ ጋር ያመጣጥነዋል፤ ችግሩ ከፍታው ቢሆን ኖሮማ ኮምቦልቻ ስትደርስ ይሻልህ ነበር እንጂ አይብስም።

አሽከርካሪ፣ ከወልድያ

መካኒኩ ያለው ልክ ነው። ሌላ ሰው አንብቦ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልጨምር። ካቦ የሌላቸው፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱት ትሮትሎች ላይ ክዳኗን በጣት መግፋት የውስጡን ጥርስ ሊሰብር ይችላል። በተለይ ቁልፉ በርቶ እያለ በጭራሽ። ስፕሬዩንም ክዳኗን የምትከፍተው ትንሿ የኤሌክትሪክ ሞተር ላይ አትርጩት።

ለጠያቂው ደግሞ፦ አርፒኤም ወርዶ መልሶ ሲዘል ቆሻሻ ብቻ ላይሆን ይችላል። የሆነ ቦታ በተሰነጠቀ ጎማ በኩል ኮምፒዩተሩ ያልቆጠረው አየር ይገባ ይሆናል። ሞተሩን አስነስተህ ኮፈኑን ክፈት፣ ሬዲዮ አጥፋ፣ ጆሮህን ስጥ። ስስስ የሚል ድምፅ ካለ ተከተለው። ሞተሩ አየር የሚስብባቸውን የቫኪዩም ጎማዎች አንድ በአንድ በጣትህ ቆንጥጥ፣ አንዱን ስትይዝ ሞተሩ ከተረጋጋ አገኘኸው። ጫፋቸው ላይ ነው የሚሰነጠቁት፣ ስታጎብጣቸው ካልሆነ አይታይም።

ጠያቂ፣ ከደሴ

እግዜር ይስጥልኝ። አጠብኩት፣ ጨርቁ ጥቁር ብሎ ወጣ። አሁን አይጠፋም። ግን ሚኒሞው 1800 ላይ ተሰቀለ! ምን ነካው? ቪቴዋን አልነካሁም።

መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ

አትደንግጥ። ኮምፒዩተሩ በቆሻሻው ዘመን የለመደውን አየር ነው አሁንም የሚሰጠው፣ ክፍተቱ ግን ተከፍቷል። መጀመሪያ የፈታኸው ወፍራም ጎማ በደንብ መጥበቁን እይ፣ የነቀልከው ቀጭን ጎማ ካለም መመለሱን። ካቦው ትንሽ ላላ ማለት አለበት፣ ተወጥሮ ከሆነ ክዳኗ አትዘጋም። ከዚያ ባትሪውን እንደገና ነቅለህ አንድ ሩብ ሰዓት አቆየው። መብራትም ኤሲም ሳታበራ አስነሳና ነዳጅ ሳትረግጥ የራዲያተሩ ፋን እስኪዞር ተዋት። ቀጥሎ ኤሲ አብራ፣ ትንሽ ይቆይ፣ አጥፋ። ከዚያ ከተማ ውስጥ ንዳት። አንዳንድ ኒሳኖች ላይ ይሄ አይበቃም፣ በስካነር ማለማመድ ይፈልጋሉ። ቶዮታ ግን በአብዛኛው ይገባታል።

ጠያቂ፣ ከደሴ

መካኒኩ ጋሼ፣ ተባረክ። ባትሪውን ነቅዬ እንዳልከው አደረግኩ፣ ወደ 900 ወረደ፣ ግን አሁንም ትንሽ ይዋዥቅ ነበር። የወልድያውን ወንድሜን ምክር ይዤ ጎማዎቹን ስቆነጥጥ ወደ ፍሬን ሰርቮ (የፍሬን መርገጫውን የሚያቀልለው ዕቃ) የሚሄደው ጎማ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ለጊዜው ጫፉን ቆርጬ መልሼ አሰርኩት፣ 750 ላይ ቀጥ አለ። ነገ አዲስ ጎማ እገዛለሁ።

አሽከርካሪ፣ ከወልድያ

ነገ አትበል፣ የፍሬን ጎማ ነው። እሱን ሳትቀይር ሐረጎን እንዳትወርድ።