ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ሦስት ጊዜ የተመለሰ የኮርኒስ እድፍ

ጠያቂ፣ ከመንደራ

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ መኝታ ክፍል ኮርኒሱ ችፑድ ነው፤ ክፍሉ አራት ሜትር በአራት ሜትር ይሆናል። ከአልጋዋ በላይ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል የውሃ እድፍ አለ፤ ዳር ዳሩ የጠቆረ፣ መሐሉ የቡና አተላ የመሰለ። ባለፈው ጥር ነጭ የውሃ ቀለም ቀባሁት። ሲደርቅ ተመልሶ ታየ። በሳምንቱ ደገምኩት፤ ሁለት ቀን ጠፍቶ እንደገና ብቅ አለ። ቀለም ቀቢ ጠርቼ ሦስተኛ እጅ አስቀባሁ፤ ክረምቱ ሲገባ ከበፊቱ ሰፍቶ መጣ።

እናቴ ወገቧን ስለሚያማት የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በጀርባዋ ተኝታ ነው የምታሳልፈው። ከጠዋት እስከ ማታ የምታየው ያንኑ ኮርኒስ ነው። እድፉ ውስጥ የበሬ ፊት ይታያታል፤ ዝናብ ባደረ ቁጥር "ዛሬ ቀንዱ ረዝሟል" ትለኛለች። ንጹሕ ነገር እንድታይ እፈልጋለሁ። ቀለሙን አብዝቼ ስላቀጠንኩት ይሆን? ወይስ ችፑዱን መቀየር አለብኝ? ለመስቀል ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

ጡረታ የወጣ ቀለም ቀቢ፣ ከሂርማታ

ልጄ፣ የመቅጠንና የመወፈር ጉዳይ አይደለም። እድፉ በውሃ የሚሟሟ ነገር ነው፤ የውሃ ቀለም ስትቀቢበት ይሟሟና ከቀለሙ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ገጹ ላይ ይቀራል። አሥር እጅ ብትቀቢም ያው ነው። የሚያፍነው ዘይት ቀለም ነው።

ከቀለም በፊት ግን ጣሪያው። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ኮርኒስ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። ፀሐይ በወጣችበት እኩለ ቀን ላይ ከኮርኒሱ በላይ ውጪና መግቢያውን ከሥርሽ አስዘጊ። ሞራሌውን ብቻ ርገጪ፤ ችፑዱን ከረገጥሽው ይዞሽ ይወርዳል። ዓይንሽ ጨለማውን ሲለምድ የቆርቆሮው ቀዳዳ እንደ ኮከብ ይታይሻል። ቀዳዳው ከእድፉ በላይ ካልሆነ አትደነቂ፤ ውሃ በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ሄዶ ሌላ ቦታ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ በእንጨቱ ላይ ያለውን የእርጥበት ዱካ ወደ ላይ ተከተዪ። እኔ ባየኋቸው ቤቶች ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የምስማሩ ጎማ ነው፤ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ችፑዱን በጣትሽ ጫኚው። ካበጠና ከተፈረፈረ ያን ቁራጭ ብቻ አስቀይሪ። ጠንካራ ከሆነ ይድረቅ። የእጅሽን ጀርባ አስጠግተሽ ቅዝቃዜ ከተሰማሽ ገና ነው፤ እርጥበት ላይ የተቀባ ዘይት ቀለም ይላጣል። ለመስቀል አትቸኩዪ፤ ኅዳር ይሻልሻል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሽና ነጭ ዘይት ቀለም በጥቂት አኳራጅ አቅጥነሽ፣ ከእድፉ ዳር አንድ ስንዝር አሳልፈሽ ቀቢ። የምስማሮቹን ራስም አትርሺ፤ ዝገታቸው በውሃ ቀለም ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቆይ። ከዚያ ዘይት ቀለሙ ያረፈበትን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገሽ ፈግፍጊው፤ አለዚያ የውሃ ቀለም አይይዝበትም። በመጨረሻ ኮርኒሱን በሙሉ ሁለት እጅ። አንድ ሊትር ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ያንቺ 16 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለሁለት እጅ አንድ ጋሎን ይበቃሻል።

አኳራጅ ከእሳት ጋር አይስማማም። ከሰልም ሻማም እዚያ ቤት እንዳይኖር፤ መስኮቱ ይከፈት። እናትሽንም ሽታው እስኪወጣ ድረስ ሌላ ክፍል አስተኚያቸው።

ነዋሪ፣ ከጂሬን

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ቤት ግን ቀዳዳ አልነበረም። ዝናብ ባልጣለበት ሌሊት እንኳ ጠዋት ኮርኒሱ ይረጥብ ነበር። ለካ የወጥ ቤቱ እንፋሎት ወጥቶ በሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድ ኖሯል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በሁለት በኩል የአየር መተንፈሻ አስከፍቼ በሽቦ ወንፊት ሸፈንኩት፤ ቆመ። ስለዚህ እህቴ፣ እድፉ የሚረጥበው ከዝናብ በኋላ ብቻ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጪ።

ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት ሻጋታ ነው፤ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ አድርገሽ በጨርቅ ጥረጊው። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ግን ፈጽሞ አትቀላቅዪው።

አንድ ነገር ልጨምር። እናትሽ ተኝተው የሚያዩት ስለሆነ የማያብረቀርቅ ቀለም ምረጪ። የሚያብረቀርቀው የመስኮቱን ብርሃን ዓይን ውስጥ ይመልሳል፤ የችፑዱን ጉብጠትም ሁሉ ያጋልጣል። የመጨረሻውን እጅ ሩሎውን ወደ መስኮቱ አቅጣጫ እየሳብሽ ጨርሺው፤ መስመሩ አይታይም።

ጠያቂ፣ ከመንደራ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወጣሁ። አራት የብርሃን ነጥብ ቆጠርኩ፤ አንዱም ከእድፉ በላይ አልነበረም። ዋናው ከበሩ በኩል፣ ከእድፉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ነው። ከምስማሩ ሥር የጀመረ ጥቁር መስመር በሞራሌው ጎን ወርዶ፣ እንጨቱ ከሌላው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ያበቃል። እድፉ በትክክል ከዚያ ሥር ነው። ሦስት ጊዜ ስቀባና ሳስቀባ አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ አለማየቴ ቆጨኝ።

ምስማሮቹ ተነቅለው ባለአዲስ ጎማ ተመቱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ እንጨቱ ደረቅ ነው። ችፑዱ ስላልተፈረፈረ አልቀየርኩትም። ለእናቴ እስከ ኅዳር እንደምንቆይ ነገርኳት፤ "ቀንዱ ማደጉን ካቆመ እጠብቃለሁ" አለችኝ። በየጠዋቱ መሰላል ላይ ወጥቼ በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ። ዛሬ ዳሩ ደርቋል፤ መሐሉ ገና ቀዝቃዛ ነው።