የአባቴን የፊሊፕስ ስፒከሮች ላሠራቸው ወይስ ልሽጣቸው?

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የቀሩኝ ሁለት ፊሊፕስ ስፒከሮች አሉ፣ ሞሽናል ፊድባክ የሚባሉት። ጀርባቸው ላይ 22 አርኤች 532 ይላል፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ናቸው። ሲያዩዋቸው ትንሽ ናቸው። ግን የአምባሰል ካሴት ከፍቼ ከበሮው ሲገባ ድምፁ ከዚያች ሳጥን ወጣ ብሎ ማመን ያቅታል፣ እንግዳ የመጣ ሁሉ ተነስቶ ከሶፋው ጀርባ ሌላ ስፒከር ይፈልጋል። ሰሞኑን የቀኙ ዘፈን ሳይከፈትም እምምም ይላል። ፒያሳ ያሳየሁት ባለሙያ «የውስጡን ቦርድ አውጥተን እንጣለውና በውጭ አምፕ (ድምፁን በሚያጎላው መሣሪያ) ይሥራ» አለኝ። ሌላው በብሉቱዝ ስፒከር ልለውጥህ አለ። ሆዴ እሺ አላለም። እንዲህ ያለ ዕቃ እንዴት ሰው ሳያውቀው ቀረ? እናንተስ ሳይታወቅ ከገበያ ወጣ ብላችሁ የምትቆጩበት አለ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አደራህን ወንድሜ፣ ቦርዱን እንዳታስነካ! የዚህ ስፒከር ነፍሱ እሱ ነው። ዉፈሩ፣ ቤዙን የሚያወጣው ክብ ክፍል፣ ላይ አንዲት ሴንሰር አለች። እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀቱ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ እየለካች ለአምፑ ትነግረዋለች፣ አምፑም ከዘፈኑ ጋር አስተያይቶ ያፈነገጠውን እዚያው ያርመዋል፣ ከትንሽ ሳጥን ያ ሁሉ ቤዝ የሚወጣው በዚህ ነው። ቦርዱ ከወጣ የሚቀርህ ተራ ሳጥን ነው።

በሰፊው ያልተለመደውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ያኔ ጥሩ ስፒከር የሚገዛ ሰው አምፕ ቤቱ አለው። አምፑ ውስጡ ያለ ስፒከር ስትሰጠው የድሮውን የት ልጣለው ይልሃል። ዛሬ ስቱዲዮ ግባ፣ አብዛኛው ስፒከር አምፑ ውስጡ ነው። ከጊዜው ቀድሞ መጣ፣ ያሳዝነኛል።

ድምፁን በተመለከተ አብሽር። መጀመሪያ የግራና የቀኙን የሲግናል ገመድ አለዋውጥ። እምታው ወደ ግራ ከዞረ ስፒከሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ከቴፑ ወይ ከገመዱ ነው። ቀኙ ላይ ከቀረ የፖወር ሰፕላዩን ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙትን) ጠርጥር፣ 50 ዓመት ሲሞላቸው ይደርቃሉ። ስትቀይራቸው ላያቸው ላይ የተጻፈው ማይክሮፋራድ (የመያዝ አቅሙ) ተመሳሳይ፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። ከሶኬት ነቅለህም ቢሆን ወዲያው እጅህን አታስገባ፣ ቻርጅ ይዞ ይቆያል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)
እኔ የምቆጭለት ያማሃ ኤንኤስ-10 ነው፣ ነጭ ወረቀት ያለው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
እህቴ፣ እሱማ መቼ ተረሳ? ዓለም ያወቀው የስቱዲዮ ስፒከር አይደል እንዴ!

ሰኞ ገበያ (ደሴ)
ስቱዲዮ ውስጥ አዎ። ግን በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የተሠራው ለቤት ነበር፣ የቤቱ ገዢ አልወደደውም። ቤዙ ቀጭን ነው፣ መሐሉ ይጮሃል፣ የተበላሸ ቀረጻ ከሰጠኸው ብልሽቱን አይደብቅልህም። ስቱዲዮዎች የወደዱት ለዚሁ ነው። ለእኔ ግን የቤት ስፒከርም ነው። መንዙማ እቀርጻለሁ፣ ቤቴም የምሰማው በእሱ ነው። ድቤው እንደ ፊሊፕሱ ደረት አይመታም፣ እውነት ነው። ጭብጨባው ግን እጅ በእጅ ይለያል፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን እንደቀደመ ትሰማለህ፣ መሪው ትንፋሽ ሲስብ ሳይቀር። በ2001 (እ.ኤ.አ.) መሥራት ያቆሙት ወረቀቱ የሚሠራበት የእንጨት ጥሬ ዕቃ ስለጠፋ ነው። አሁን ወረቀቱ ቢቀደድብኝ ከየት አመጣለሁ እያልኩ ማንንም አላስነካም።

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ገመዱን አለዋወጥኩት። እምታው ቀኙ ላይ ቀረ። ቦርከና፣ ቅዳሜ ከተመቸህ ሁለቱንም በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሀረጎን ልውረድ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አለሁ። የአምባሰሏንም ካሴት ያዛት።