አዲስ በረዶ በጣለ ማግስት ከባለቤቴ ጋር ተራራ ብንወጣ ይመከራል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ነው። እሱ ብዙ ዓመት ስለቆየ የዚህን አገር ብርድ ለምዶታል፤ እኔ ግን ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ በረዶ ላይ መራመድ ገና አዲሴ ነው። ቅዳሜ ወደ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ሄደን፣ ከቤር ሌክ ሐይቅ ተነሥተን እስከ ኤመራልድ ሌክ ሐይቅ በእግር ለመሄድ አስበናል። ዓርብ ሌሊት ብዙ በረዶ እንደሚጥል ተነግሯል። ባለቤቴ ማንም ያልረገጠውን በረዶ እንድናይ ስለሚፈልግ በማለዳ እንድንነሣ ይጓጓል፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ ነገር ግን ሁለታችን ብቻ መሆናችን ያሳስበኛል። መንገዱን የምታውቁት ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ መንገዱ ለጀማሪ የሚከብድ አይደለም፤ ኤመራልድ ሌክ ድረስ መሄጃው 2.9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዳገቱም 200 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የምለምናችሁ ቀኑን እንድትለውጡ ነው። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚወርደው በረዶ በጣለ በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ አዲሱ በረዶ ከሥሩ ካለው ንጣፍ ጋር ገና አልተያያዘም፣ በኮሎራዶ ደግሞ ያ የታችኛው ንጣፍ ብዙ ጊዜ እንደ ስኳር የተፈረፈረ በመሆኑ የላዩን ክብደት አይሸከምም። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ተዳፋት ሥር መቆምም ራሱ አደጋ ነው፣ ናዳው ከላይ ይመጣልና። በመንገዱ ላይ መጀመሪያ እስከሚገኘው ሐይቅ እስከ ኒምፍ ሌክ ድረስ መንገዱ በጫካ ውስጥ ነው፤ ቀጥሎ ካለው ሐይቅ ከድሪም ሌክ ወዲያ ግን ተራሮቹ ከግራና ከቀኝ እየቀረቡ ይመጣሉ። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ አንብቡ። የአደጋው መጠን በአምስት ደረጃ ይገለጻል፤ ሦስት ከተባለ ድሪም ሌክ ላይ ተመለሱ፣ «መካከለኛ ነው» ብላችሁ አትናቁት። ቀድሞ ያለፈ ሰው ዱካ ማየታችሁም መንገዱ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

መልስ 2፦
ከላይ በተባለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ ልብስ ልጨምር፤ ከሰውነታችሁ ጋር የሚነካካው ልብስ ጥጥ አይሁን፣ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ስትቆሙ ያቀዘቅዛችኋል። ሱፍ ይሻላል። ስትነሡ ትንሽ ቢበርዳችሁ አይክፋችሁ፤ ዳገቱን ስትጀምሩ ይሞቃችኋል። ጫማ ላይ የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ብረት ያዙ፣ በረዶው ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ስኖውሹ (እግር በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ ጫማ ላይ የሚታሰር ሰፊ መርገጫ) ተከራዩ። የውኃውን ጠርሙስ አፉን ወደ ታች ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ውኃ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ክዳኑ አይያዝባችሁም። ለስንቅ ቆሎ የሚያህል የለም፣ ብርድ አይለውጠውም።

ከሁሉ በላይ ግን አንዳችሁ ሌላችሁን እዩ። ብርድ የጎዳው ሰው ራሱን አያውቅም፤ አፉ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይደናቀፋል፣ የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ ሲጠየቅ ግን «ደህና ነኝ» ይላል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ የትዳር ጓደኛ ነው። ያን ጊዜ ክርክር ሳይኖር መመለስ አለባችሁ፤ ስለዚህ ገና ቤት ሳላችሁ «አንዳችን እንመለስ ካለ እንመለሳለን» ብላችሁ ተስማሙ። ፊት የሚመራውም አንቺ ብትሆኚ ይመረጣል፣ ፍጥነቱ በአንቺ አቅም ይሆናልና።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቹን ከባለቤቴ ጋር አብረን አነበብናቸው። እሑድ ከቅዳሴ ስለማንቀር፣ ሰኞ ደግሞ ሁለታችንም ሥራ ስለሌለን ጉዞውን ወደ ሰኞ አዛውረነዋል፤ መድረሻችንም ድሪም ሌክ እንዲሆን ተስማምተናል። ቤር ሌክ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,888 ሜትር ላይ ስለሆነ ከዴንቨር ወጥቶ ወዲያው መራመድ ራስ ምታት ያመጣ ይሆን?

መልስ 1፦
ሊያመጣ ይችላል። ውኃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ወዲያው ወደ ታች ውረዱ። ቤር ሌክ የሚያስገባው መንገድ በረዶ ሲበዛ ሊዘጋ ስለሚችል ሰኞ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ የፓርኩን ማስታወቂያ እዩ፣ የመኪናችሁንም ጎማ አስመርምሩ።