ለአርባ የሚታተም የቶርኖ ባለሙያ የሕይወት ታሪክ፦ ምን ይግባ?

የማኅበር ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። የቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚልጥ ማሽን) እና የብየዳ ቤት የነበራቸው፣ በዘርፍ ማኅበርም በአመራር ያገለገሉ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ዐርፈው አርባቸው እየደረሰ ነው። በቀብሩ ዕለት የተነበበው «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ቤተሰብ ወዳድ» ብሎ ያለፈ ግማሽ ገጽ ነበር። አሁን ታትሞ የሚታደል ይዘጋጅ ተብሏል። በእጅ ያለው በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ሰርተፍኬት፣ አሮጌ የንግድ ፈቃድ፣ «ደርግ ወርሷቸዋል» የሚል የቤተሰብ ቃልና የልጆች ስም ነው። ከየት ይጀመር? የሙያው ነገርስ ምን ያህል ይግባ?

መዝገብ ቤት
ከቀኖቹ ጀምሩ፤ ስሕተቱ የሚበዛው እዚያ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ፣ ማለትም የፈረንጆች ዓመት እስኪለወጥ፣ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይቀነሳል። ማርች 1972 መጋቢት 1964 ሲሆን ኦክቶበር 1972 ግን ጥቅምት 1965 ነው። ሁሉንም 8 የሚቀንስ ሰው የሠርጉን ዓመት ከሥራ መጀመሪያው ጋር ያጋጨዋል።

የቦታ ስም በዘመኑ ይጻፍ። በንጉሡ ጊዜ የተወለደ ሰው የተወለደው በጠቅላይ ግዛት ነው፤ ክፍለ ሀገር የደርግ ዘመን አጠራር ነው። ፈቃዱ ላይ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ካለ እንዳለ ጻፉና አሁን የትኛው ክፍለ ከተማ እንደሆነ አጠገቡ አስቀምጡ።

«ወርሷቸዋል» የሚለውን ሳታጣሩ አትጻፉ። ትልልቅ ፋብሪካዎች የተወረሱት ጥር 26 ቀን 1967 ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በትንሽ ወርክሾፕ ባለቤት ላይ የደረሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ የሚያከራዩት ቤት ሄዶ ማሽኑ እጃቸው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የኪራይ ቤቶች ወይም የቀበሌ ካርኒ ካለ ይለየዋል።

ፑሌጃ
ሙያውን በተመለከተ፣ «ልዩ ልዩ የብረታ ብረት ሥራ» ከተባለ ምንም አልተባለም። አብረዋቸው የሠሩትን ጠይቁ፦ ማን አስተማራቸው? በስንት ሜትር ቶርኖ ጀመሩ? ፍሬሳ (በሚሽከረከር ቢላ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) መቼ ገባ? ደንበኛው ማን ነበር፣ ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት ወይስ ፋብሪካ? ከዚያ አንድ ሥራ ብቻ መርጣችሁ በደንብ አስረዱ።

ለምሳሌ ወፍጮ ቤቶችን ያገለገሉ ከሆነ የተበላ ዘንግ (የሚዞረው የማሽኑ ብረት) መመለስን አንሡ። የኩሽኔታው፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ መቀመጫ ሲበላ በብየዳ ይሞላል፣ ቀዝቅዞ ቶርኖ ላይ ይታሰራል፣ ተላጭቶ ወደ ልኩ ይመለሳል። በአንድ ጎን ብቻ ከተበየደ ዘንጉ በሙቀት ይጣመማል፤ ስለዚህ ብየዳው ተቃራኒ ለተቃራኒ ይሄዳል፣ ውኃ አይነካውም። ልኩ የሚለካው በመቶኛ ሚሊሜትር ነው። ከላላ ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ እየዞረ መልሶ ይበላዋል፤ ከጠበቀ የኩሽኔታው የውስጥ ክፍተት ጠፍቶ ይግላል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሰበራል። ይህን ያነበበ ሰው «እጃቸው የታመነ ነበር» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ያሠለጠኗቸውንም ቁጠሩ፤ በተለይ የራሳቸውን ቤት የከፈቱትን ከነሰፈራቸው። እኔ ብሆን ከሽልማቱ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

የእድር ዳኛ
በፑሌጃ ሐሳብ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ስለ ዘንጉ የሚታተመው ላይ ይግባ፣ የሚነበበው ላይ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በ14 መጠን ፊደል ሁለት ገጽ ጮክ ብሎ ሲነበብ አምስት ስድስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ወሬ ይጀምራል።

ትልቁ አደጋ የልጆች ዝርዝር ነው። ከሁለት እናት የተወለዱ ካሉ በዕድሜ ቅደም ተከተል ሁሉም ይጻፉ፤ ያሳደጓቸውም «ያሳደጓቸው» ተብለው። ጽሑፉ የወራሽነት ማስረጃ ባይሆንም ስሙ የተዘለለ ልጅ ጉዳዩን ከፍርድ ቤት በፊት ድንኳኑ ውስጥ ያነሣዋል። ረቂቁን ባለቤታቸውና ከየወገኑ አንድ ልጅ አንብበው ይፈርሙበት፣ ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት። ፎቶውም ከስልክ የተቀዳ ሳይሆን ዋናው ስካን ይደረግ።

የማኅበር ጸሐፊ
አመሰግናለሁ። የማኅበር አገልግሎታቸውስ? ቤተሰቡ «ለብዙ ዓመታት የንግድ ምክር ቤት አባል» ነው የሚለው። ደግሞ «በ1999 ጡረታ ወጡ» ብለዋል።

መዝገብ ቤት
ቃለ ጉባኤ አውጡ። አባል፣ የቦርድ አባልና ሰብሳቢ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የተመረጡበትና የወረዱበት ዓመት ከምርጫው ቃለ ጉባኤ ይገኛል። የተቋሙም ስም ይለያያል፦ «የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት» የሚለው ከአዋጅ ቁጥር 341/1995 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ላገለገሉበት «ንግድ ምክር ቤት» በሉ። «ለብዙ ዓመታት» ከማለት የሠሩትን አንድ ነገር ጻፉ፤ የጋራ የብረት ግዢ ይሁን የተለማማጆች ምደባ።

ጡረታውን አውጡት። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 የወጣው በ2003 ነው፣ እሱም በዋናነት ለተቀጣሪ ነበር። የራሳቸው ቤት የነበራቸው ሰው በ1999 «ሥራውን ለልጃቸው አስረከቡ» ቢባል ይሻላል፤ በልጁ ስም ፈቃድ የወጣበትን ቀን ከንግድ ቢሮ ፋይል ታገኙታላችሁ።